ከአልጋው ሥር አትጎትተው

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረን። የፈላ ውሃ ውሻህ ቦቢ ጀርባ ላይ መደፋቱን እህትህ ነገረችኝ። አብሽር፣ ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስህ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤት ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይዞ ከመጣ አመስግነህ መልስ። ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፤ በኋላ ሲታጠብለትም ደግሞ ይሰቃያል።

አልጋ ሥር ገብቶ ያጉረመርማል አሉ። ጠልቶህ አይደለም፣ አሞት ነው፤ ያመመው ውሻ ደግሞ ያሳደገውን እጅም ይነክሳል። እጅህን ሰደህ አትጎትተው። ውሃ አስጠጋለት፣ ቴሌቪዥኑን ዝጋ፣ የግቢው ልጆች ሊያዩት አይሰብሰቡ። መሬት ላይ ቁጭ በልና ሳታፈጥበት፣ ጎንህን ሰጥተህ፣ እንደ ወትሮው አውራው። ድምፅህ ሲረጋጋ እሱም ይረጋጋል።

ሲወጣልህ ግን ዛሬውኑ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰደው። የውሻ ቃጠሎ ተንኮለኛ ነው፤ ፀጉሩ ይሸፍነዋል፣ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ለመንገዱ አፉን በነጠላ ቁራጭ ጠምጥመህ ከጆሮው ኋላ እሰር፤ እያለከለከ ወይም እያስታወከ ከሆነ ግን አትሰረው፣ ይታፈናል። ድዱ ከነጣና አካሉ ከቀዘቀዘ እስኪወጣ አትጠብቅ፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ሩጥ።

የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጠው! ፓራሲታሞል ጉበቱን፣ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዱታል።

ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም፣ ሞቃት ነው፤ ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ከጣለ ይተላል። ስለዚህ እስኪድን ውጭ አታሳድረው። አባትህ «ውሻ ቤት ውስጥ?» ማለቱ አይቀርም፤ እሱን ለእኔ ተወው። ቁስሉን እንዳይልስ የአሮጌ ባልዲ ታች ቆርጠህ፣ ጠርዙን በጨርቅ ሸፍነህ አንገቱ ላይ አጥልቅለት። መጀመሪያ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ ቀስ ብሎ ይለምደዋል።

ከነከሰህ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ። «የራሴ ውሻ ነው» አትበል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የቦቢ ክትባት አልፎ እንደሆነም ለእንስሳት ሐኪሙ ንገረው፤ አሁን ይከተብ ወይስ ሲሻለው፣ እሱ ይወስናል።

የሕክምናውን ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ። ሐኪሙ ያለህን ማታ ደውለህ ንገረኝ።

እናትህ