መጠይቁን ትተን ከሠራተኛው አጠገብ እንቀመጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በማኔጅመንትና በሊደርሺፕ ማስተርሳቸውን ለመማር ለሚያስቡ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ትምህርት ቤት አመራረጥ፣ ስለ ማታና ስለ ቀን ትምህርት፣ እየሠሩ ስለ መማር ብዙ ጠቃሚ ነገር አለው። የመመረቂያ ጽሑፉን ግን በአንድ መስመር ነው ያለፋችሁት። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

በአንድ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ማስተርሴን የጀመርኩት ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ቀን ሥራ፣ ማታ ክፍል። ኮርሶቹን ወድጃቸዋለሁ። የሒሳብ መግለጫ ማንበብ የቻልኩት እዚያ ነው። የበጀት ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ ያቆምኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ አይጠቅምም ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የመመረቂያ ጽሑፉ (ቴሲስ) ላይ ስደርስ ሌሎቹ ያደረጉትን አደረግኩ። ርዕሴ የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች የሥራ እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ ነበር። የተዘጋጀ መጠይቅ ወሰድኩ። ትንሽ አስተካከልኩት። 210 ኮፒ በተንኩ፣ 187 ተመለሰልኝ። ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሳጥን። ቁጥሮቹን ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ አስገባሁ። ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ ነገሮች ዝምድና) ወጣ፣ ሪግሬሽኑ (የአንዱ በሌላው ላይ ያለው ተጽዕኖ ስሌት) ወጣ፣ ጥሩ አመራር የሠራተኛን እርካታ ይጨምራል ብዬ ደመደምኩ። በፈታኞች ፊት ዲፌንድ አደረግኩ፤ ከፍተኛ ውጤት አገኘሁ።

በዚያው ዓመት ከክፍሌ ሦስት ሰዎች ለቀቁ። ከሁሉም ጠንካሮቹ ነበሩ። አንዷ ልትሰናበተኝ ቢሮዬ ስትመጣ ለምን እንደምትሄድ ጠየቅኳት። የፈረቃው ነገር ነው አለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃ የሚለጠፈው ዓርብ ከሰዓት ነው። ልጇን ማን እንደሚይዝላት ቀድማ ማመቻቸት አትችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትቸገር ቆይታለች።

ፈረቃውን የማወጣው እኔ ነኝ። ዓርብ የማወጣበት ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ዓርብ ያወጣ ስለነበር እኔም በዚያው ቀጠልኩ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለ ሠራተኛ እርካታ 90 ገጽ ስጽፍ ይህቺ ሴት ከቢሮዬ አሥር ሜትር ርቃ ተቀምጣ ነበር። መጠይቄንም ሞልታለች። ስለ ፈረቃ የሚጠይቅ ጥያቄ ግን አልነበረበትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያመኛል።

የእኔ ስህተት ብቻ ቢሆን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ከእኔ በፊትም በኋላም የተመረቁ ጓደኞቼን ቴሲስ አይቻለሁ። አብዛኛው አንድ መልክ ነው ያለው፦ የዚህ ነገር ተጽዕኖ በዚያ ነገር ላይ፣ የእገሌ ድርጅት ሁኔታ። የድርጅቱ ስም ይቀየራል፤ መጠይቁ፣ ሰንጠረዡ፣ ምዕራፎቹ አይቀየሩም። ቅርጹ ይህን ያህል የታወቀ ሲሆን ሌላ ሰው በክፍያ ሊጽፍልህ ይችላል። ይህም በየቦታው እንደሚደረግ በትምህርቱ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ያውቃል።

ዘዴው ራሱም ችግር አለበት። አንድ ሠራተኛ በአንድ ወረቀት ላይ አለቃውንም ይመዝናል፣ የራሱን እርካታም ይመዝናል። ያን ቀን ደስ ብሎት ከሆነ ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል። ከፍቶት ከሆነ ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ተማሪው ዝምድና አገኘሁ ይላል። ካገኘው ነገር ውስጥ ምን ያህሉ የአመራሩ ውጤት፣ ምን ያህሉ የዚያ ቀን ስሜት እንደሆነ ግን መለየት አይችልም። የምርምር ዘዴ ኮርስ ላይ ይህን ተምረነዋል። ፈተና ላይም ጽፈነዋል። ከዚያ ሄደን ያንኑ እናደርጋለን።

እኔ የተጠቀምኩበት፣ ባስና አቮልዮ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የአመራር መጠይቅ 45 ጥያቄዎች አሉት። በጥንቃቄ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አላጣጥለውም። አለቃህ ያነቃቃሃል ወይ፣ ያዳምጥሃል ወይ፣ ችግር ሲፈጠር ይገኛል ወይ ይላል። ስለ ዓርብ ከሰዓት አይጠይቅም። ሊጠይቅም አይችልም፤ ዓርብ ከሰዓት ያለው እኔ ክፍል ውስጥ ነው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ሳስብ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሃርቫርድ የመጀመሪያውን የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በፍጥነት ተስፋፋ፣ ጥራቱ ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያይ ነበር። በ1959 ፎርድ ፋውንዴሽንና ካርኔጊ በሚባሉ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደካማ ናቸው፣ ሳይንሳዊ መሠረት ይጎድላቸዋል አሉ። ትችቱ ተገቢ ነበር። ትምህርት ቤቶቹም ወደ ስታትስቲክስ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ወደ ሥነ ልቦና ዞሩ። ብዙ ጥሩ ነገር መጣ። ነገር ግን በጊዜ ሂደት ቁጥር ያለበት ሁሉ ሳይንስ፣ ቁጥር የሌለበት ሁሉ ወሬ መሰለን። ሥራ ቦታ ተቀምጦ ማየት ከምርምር ዝርዝር እየወጣ ሄደ።

ግን እኮ ዛሬ በክፍል ውስጥ ከምንማራቸው ነገሮች ብዙዎቹ የተገኙት በማየት ነው! የሆቶርንን ጥናት ውሰዱ። በቺካጎ አቅራቢያ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሆቶርን ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 የተደረገ ነው። ሁሉም ተማሪ ስለ መብራቱ ሙከራ፣ መብራት ሲለዋወጥ ምርት ይለወጥ እንደሆነ ስለታየበት፣ ይሰማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቃለ መጠይቁ ነው። ከ20,000 በላይ ሠራተኞችን አነጋግረዋል። መጀመሪያ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ነበር የሚገቡት። ሠራተኞቹ ግን ከጥያቄው እየወጡ እነሱን ወደሚያሳስባቸው ነገር ይሄዳሉ። በመጨረሻ ጠያቂዎቹ ዝርዝሩን ትተው ማዳመጥ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ይወስድ የነበረው ጭውውት በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አደገ። ከዚህ ጥናት የተወሰዱ አንዳንድ ድምዳሜዎች በኋላ ብዙ አከራክረዋል። ይህ የጠያቂዎቹ ልምድ ግን ለእኔ በጣም ትልቅ ነገር ነው። መጠይቁን ይዘው ሄደው ሰው ሲናገር ሰምተው አስቀመጡት።

እዚያው ፋብሪካ በ1931 መጨረሻ 14 ወንዶች በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ አንድ ተመልካች ተቀመጠ። ክፍያቸው ብዙ ሲሠሩ የሚጨምር ነበር። በወረቀት ላይ ካየኸው ሁሉም ሰው በቻለው ልክ መሥራት አለበት። እነሱ ግን በቀን ይህን ያህል ይበቃል ብለው እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነበር። ከዚያ በላይ የሚሠራውን ጓደኞቹ ክንዱን በቡጢ ይመቱታል። ብዙ ከሠራን ክፍያው ይቀነሳል፣ ወይም ሰው ይባረራል ብለው ይፈሩ ነበር። ይህን በየትኛው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ይነግሩሃል? ተመልካቹ ወራት አብሯቸው ስለቆየ ነው የታወቀው።

«ይህ የትልልቅ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፣ የተማሪ አይደለም» የሚል ይኖራል። ታዋቂው የማኔጅመንት ምሁር ሄንሪ ሚንትዝበርግ ይህን ሲሠራ ተማሪ ነበር። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያዘጋጅ አምስት ዋና ሥራ አስኪያጆችን መረጠ፤ እያንዳንዳቸውን አንድ ሳምንት ተከትሎ የሚያደርጉትን ጻፈ። በመጻሕፍት ሥራ አስኪያጅ ያቅዳል፣ ያደራጃል፣ ይቆጣጠራል ይባል ነበር። እሱ ያየው ሌላ ነው። ከሥራዎቻቸው ግማሹ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች ነበር የሚወስደው። ስልክ፣ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ድንገተኛ ችግር። አምስት ሰው፣ አምስት ሳምንት፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር። ውጤቱ እስከ ዛሬ በየክፍሉ ይጠቀሳል። አምስት ሳምንት ደግሞ መጠይቅ በትኖ፣ አስታውሶ፣ ለምኖ ለመሰብሰብ ከሚፈጀው ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች ለማኔጅመንትና ለሊደርሺፕ ተማሪ ሌላ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፍ ይፍቀዱለት። ተማሪው በሥራ ላይ ያለ ከሆነ ከራሱ ሥራ አንድ እውነተኛ ችግር ይምረጥ። ራሱ ሊለውጠው የሚችለውን፣ ሥልጣኑ የሚደርስበትን። ሳምንታት ተቀምጦ ይይ፣ ያነጋግር፣ ይጻፍ። ከዚያ አንድ ነገር ይቀይር። ምን እንደተሻሻለ፣ ምን እንደተበላሸ ያቅርብ። ባይሳካለትም ያልተሳካበትን ምክንያት በደንብ ካስረዳ ይለፍ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የመጣውና የሥራ ቦታ የሌለው ተማሪ ደግሞ እንደ ሚንትዝበርግ አንድ ኃላፊ ተከትሎ መጻፍ ይችላል።

ይህን ዓይነት መማር ሬጅ ሬቫንስ የሚባል እንግሊዛዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከሰል ማዕድን ማውጫዎች ሞክሮታል። በሙያው የፊዚክስ ሰው ነበር። የማዕድን ኃላፊዎችን ሰብስቦ ሌክቸር አልሰጣቸውም። የገጠማቸውን ችግር ይዘው እርስ በርስ እንዲጠያየቁ አደረገ። የማታ ክፍላችን ለዚህ የተመቸ ነበር። 30 ሰው፣ 30 የሥራ ቦታ። ሁለት ዓመት አብረን ስንቀመጥ አንዳችን የሌላችንን ችግር በደንብ የጠየቅነው በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንድ አስተማሪዬን ሳማክራቸው፣ በአንድ ጊዜ 20 ተማሪ የሚያማክር ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ተከታትሎ ማረም አይችልም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 20 ተመሳሳይ ቴሲስ ማንበብ ይቀላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለአማካሪዎች የሚሰጠውን የተማሪ ቁጥር መቀነስ አለበት። ወጪ እንዳለው ይገባኛል፤ ግን ተማሪው የሚከፍለው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ሠራተኛ ለአለቃው እውነቱን አይናገርም። እኔ ማስታወሻ ደብተር ይዤ አጠገባቸው ብቀመጥ የምጽፈው እነሱ እንዳይ የፈለጉትን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ከምረቃ በኋላ ከክፍሌ ሰዎች ጋር ለሁለት ወር በየቀኑ አንድ ሰዓት መቀመጥ ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር፤ ማንም አንድ ቅሬታ አልነበረውም። በአራተኛው ሳምንት የፈረቃውን መለጠፊያ ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲሆን ቀየርኩት። ከዚያ ነው ማውራት የጀመሩት። ደንበኛ ሁለት ቀን የሚጠብቀው የእኔ ፊርማ እስኪመጣ እንደሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው። ፊርማው ለምን እንዳስፈለገ ማንም አያስታውስም ነበር። አስቀረሁት።

ስለዚህ ፍርሃቱ እውነት ነው፣ መፍትሔም አለው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው ግን በመመሪያ መጻፍ አለበት። የሠራተኛው ስም እንዴት ይጠበቃል? አለቃ የራሱን ሠራተኞች ሲያጠና ማን ይቆጣጠረዋል? እነዚህ ላይ አስተማሪዎችም አንባቢዎችም ሐሳብ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ጋዜጣችሁ ቦታ ቢሰጠው ብዙ ሰው የሚለው ይኖረዋል።

ከክፍሌ አንዲት ልጅ በዚህ ዓመት ማስተርሷን ልትጨርስ ነው። ርዕሷ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከማን ምን ይማራል የሚል ነው። መጠይቅ የለውም። የምታጠናው የገዛ ክፍላችንን ነው፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከአዲሶቹ ጋር ትቀመጣለች። አማካሪዋ መጀመሪያ ጠርጥሮ ነበር፤ በኋላ እሺ አለ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጧል፦ ጽሑፉ ጸድቆ እስኪወጣ ድረስ ማስታወሻዋን እኔ እንዳላይ። ተስማምቻለሁ፤ ፈርሜም ሰጥቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ