ሸምሱ፣ ያን ቀን የጻፍኩብህ ነገር

ውድ ወንድሜ ሸምሱ፣

እንዴት ከርመሃል? ጅግጅጋ ተስማማህ? ቤተሰብ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ አሁንም «ያ ልጅ የት ገባ?» እያለች ታነሳሃለች። መልስ አጣለሁ።

የተኳረፍንበትን አልረሳህም። መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። አንተ በፌስቡክህ «አቦ፣ ድሬን ማን ይነካታል! ይሄ ቫይረስ የኛን ፀሐይ አይችልም» ብለህ ለጠፍክ። እኔ ሥሩ ገብቼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ መሃይም አልኩህ። በሽታው ከሰው ትንፋሽ ወደ ሰው ነው የሚሄደው፣ ሙቀት አያግደውም ብዬም ጻፍኩ። ይሄኛው ልክ ነበር። ስድቡ ግን ለምን አስፈለገ?

ብዙ አሰብኩበት። አንተ ያን ነገር ከሜዳ አላመጣኸውም። ጉንፋን የደጋ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ደግሞ ገና በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉኒያ፣ ያ ትንኝ የምታስተላልፈው መገጣጠሚያ የሚቆልፍ ትኩሳት፣ ከተማውን አዳርሶት ነበር። ውሃ እየጠፋ በበርሜል የማያጠራቅም ቤት የለም፤ ትንኟም እዚያው ውሃ ላይ ትፈለፈላለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። አንተ ራስህ ጉልበትህ ተቆልፎ፣ ጣትህ አልታጠፍ ብሎ፣ እኔን ተደግፈህ ነው ፋርማሲ የገባኸው። ሰው ግን ቀስ እያለ ተነሳ። ኮሮና ሲመጣ ድሬ በዚያ ለካችው። «ያም አልፏል፣ ይሄም ያልፋል» ያላለ ማን ነበር?

ወንድምህም የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። በየቀኑ ድንበር ላይ ነው። ያን የጻፍከው ለሱ ፈርተህ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ያልነገርኩህም አለ። በዚያው ሰሞን እኔ ፌጦ በሎሚ በጥብጬ ሳልጠጣ አልተኛም ነበር። ቀን ነጭ ጋዋን ለብሼ መድኃኒት እሸጣለሁ፣ ማታ ፌጦ። እኔም ፈርቼ ነበር። የኔን ፌስቡክ ላይ አልለጠፍኩትም እንጂ ካንተ በምን እለያለሁ?

የካቲት 28 ቀን 2013 ክትባቱ አገር ገባ። እኛ የጤና ሰዎች ቀድመን ተወጋን። ወዲያው «ያመክናል» የሚለው ወሬ በቴሌግራም መዞር ጀመረ። ድሮ ቢሆን ማታ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን «እውነት ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። እኔም ውሸት ነው፣ ተወጋ እልህ ነበር። አለመከተብህን ከሰው ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። በሰው ፊት መሃይም ያለህን ሰው እንዴት ብለህ ትጠይቃለህ?

ይቅር በለኝ ሸምሱ። ልጥፍህ እስከ ዛሬ አለ። ሥሩ የጻፍኩትን ትናንት ማታ አጠፋሁት። ቁጥርህ ካልተቀየረ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እደውላለሁ።

ወንድምህ ታዴ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ