መልሰን የምንጥለው ዓሣ እየሞተ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰመር ሊገባ ሲል ሂውስተን ያለን ሐበሾች የዓሣ ጉዞ ማሰብ እንጀምራለን። የማኅበር አባላት፣ የሥራ ጓደኞች፣ አብሮ አደጎች ገንዘብ ያዋጡና ጋልቬስተን ወርደው ጀልባ ይከራያሉ፣ ሌሊት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ግሩም ነገር ነው። እኔም እሄዳለሁ፣ ያልሞከረውም ቢሞክር ደስ ይለኛል። ነገር ግን በነዚህ ጉዞዎች ላይ የማየው አንድ ነገር እያናደደኝ ስለመጣ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ ይዘነው ወደ ቤት ስለምንመጣው ዓሣ አይደለም፤ እሱን በሕጉ መሠረት ነው የምንወስደው። የምለው ወደ ባሕሩ መልሰን ስለምንወረውረው ነው። አብዛኛው ሰው «ለቀቅነው» ይላል። ብዙውን ግን ገድለን ነው የምንጥለው።

ለማያውቀው አንባቢ ጉዞው እንዴት እንደሆነ ልንገር። ከጋልቬስተን ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል በጣም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ለማግኘት ጀልባው ለሰዓታት መሮጥ አለበት፣ ለመመለስም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ወለሉ ደግሞ በአብዛኛው ጭቃና አሸዋ ነው፣ ሜዳ በሉት። ዓሣው የሚሰበሰበው የሚጠለልበት ነገር ባለበት ቦታ ነው፦ የነዳጅ ማውጫ ማማ እግሮች ሥር፣ የሰመጠ መርከብ አጠገብ፣ ሆነ ተብሎ የተጣለ ብረትና ኮንክሪት ዙሪያ። ቴክሳስ ሥራቸውን የጨረሱ የነዳጅ ማማዎችን እዚያው ባሕሩ ውስጥ አስተኝታ የዓሣ መጠለያ የምታደርግበት ፕሮግራም አላት። ካፒቴኑ እነዚህን ቦታዎች ያውቃል፣ በመሣሪያም ከሥር ያለውን ያያል። ጀልባውን ከላይ ያቆምና «ጣሉ» ይላል። ከባድ እርሳስ የታሰረበትን ክር ወለሉን እስኪነካ ትለቃለህ፣ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ትጠብቃለህ።

ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሬድ ስናፐር ነው። ቀይ፣ ሥጋው ነጭ፣ ለጥብስም ለጉላሽም የሚሆን። ሲነክስ ዘንጉ ጎንበስ ይላል። አዲስ ሰው በዚህ ጊዜ በኃይል ወደ ላይ ይመነጭቀዋል፣ ዓሣውም ይሄዳል፤ ምክንያቱም የምንጠቀምበት መንጠቆ ክብ ነው። ክብ መንጠቆ አይመነጨቅም፣ ዝም ብለህ ክሩን እየጠቀለልክ ስትሄድ ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል። ይህ መንጠቆ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የፌዴራል ውኃ ላይ፣ ማለትም ከቴክሳስ የራሷ ውኃ ባሻገር፣ እንደ ስናፐር ያሉ ዓሦችን በሥጋ ወይም በስኩዊድ ለሚያጠምድ ሰው ግዴታ ነው። የተደረገውም ዓሣው መንጠቆውን ውጦ ሆዱ እንዳይቀደድና ቢለቀቅ እንዲተርፍ ተብሎ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሕጉ ከመጀመሪያውም የሚለቀቀውን ዓሣ አስቦ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በፌዴራል ውኃ ላይ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው 2 ሬድ ስናፐር ነው፣ ርዝመቱም ከ16 ኢንች ማነስ የለበትም። ለኪራይ ጀልባዎች ወቅቱ የሚከፈተው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 1። ቴክሳስ እስከ 9 የባሕር ማይል ባለው በራሷ ውኃ ላይ ሌላ ደንብ አላት፣ ግን የቀን ሙሉ ጉዞ ከዚያ ያልፋል። ጥሩ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ሁለቷ ዓሣ ቶሎ ትሞላለች። ሰው ግን ገንዘብ ከፍሏል፣ ረጅም መንገድ መጥቷል፣ ስለዚህ አያቆምም። ማውጣቱን ይቀጥላል። ትንሽ ሲወጣ ይጥላል፣ ልክ ሲሆንም «ከዚህ የሚበልጥ ይመጣል» ብሎ ይጥላል። አንዳንዱማ ጠዋት የያዘውንና በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሞቶ የቀዘቀዘውን ዓሣ ትልቅ ሲያገኝ ጊዜ አውጥቶ ወደ ባሕሩ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ነውር ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

የሚጣለው ዓሣ ለምን ይሞታል? ስናፐር ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው። ከፍና ዝቅ ሲል ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነው። በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። በክር ጎትተን በደቂቃ ውስጥ ስናወጣው ያ አየር አራት እጥፍ ሊለጠጥ ይሞክራል። ከድሬዳዋ የገዛችሁት የታሸገ ቺፕስ አዲስ አበባ ሲደርስ እንዴት እንደሚነፋ አስቡት፣ ይህ ግን የሚሆነው ሕይወት ባለው አካል ውስጥ ነው። ዓይኑ ይወጣል፣ ሆዱ ይወጠራል፣ ከአፉ ሮዝ ነገር ወጥቶ ይንጠለጠላል። እንዲህ ሆኖ ወደ ውኃው ሲወረወር መጥለቅ አይችልም። ከላይ ተገልብጦ ይንሳፈፋል፣ የወፍ፣ የዶልፊን፣ የሻርክ ሲሳይ ይሆናል። ዶልፊኖቹማ ለምደውታል፣ ጀልባውን ተከትለው ይጠብቃሉ። ተሳፋሪው ደግሞ ዶልፊን መጣ ብሎ ቪዲዮ ያነሳል።

ከአፉ የሚወጣውን ነገር ብዙ ሰው የአየር ከረጢቱ ይመስለውና በቢላ ወይም በመንጠቆ ይበሳዋል። እሱ ጨጓራው ነው፣ በአየሩ ተገፍቶ የወጣ። እባካችሁ አትብሱት። አየሩን ማስወጣት የሚቻለው በጎን በኩል፣ ከክንፉ ኋላ፣ ለዚሁ በተሠራ ባዶ መርፌ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ከዚህ የሚሻለው ዓሣውን ወደመጣበት ጥልቀት መልሶ ማውረድ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፦ ከንፈሩን የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ከሥሩ ከባድ እርሳስ፣ ከላዩ ክር። ታወርደዋለህ፣ ግፊቱ አየሩን መልሶ ይጨምቀዋል፣ የተወሰነ ጥልቀት ላይ መቆንጠጫው ይከፈትና ዓሣው በራሱ ዋኝቶ ይሄዳል። ይህን መግዛት ያልፈለገ የፕላስቲክ የወተት ሳጥን ገልብጦ፣ ክብደትና ገመድ አስሮ፣ ዓሣዎቹን ከሥሩ አድርጎ ማውረድ ይችላል። ገንዘብ የለም የሚባልበት ነገር አይደለም።

የአሜሪካ ኮንግረስም ይህን አውቆ ያጸደቀው ሕግ ነበር። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው የፌዴራል ውኃ ላይ እነዚህን ዓሦች የሚያጠምድ ጀልባ ማውረጃውን ወይም መርፌውን አዘጋጅቶ እንዲይዝ አስገድዶ ነበር። ታዲያ ባለፈው ዓመት የተሳፈርኩበት ጀልባ (ስሙን አልጠራም፣ እሱ ብቻውን ስላልሆነ) መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አዲስ ነበር፣ እርሳሱ እንኳን አልተቧጨረም። ቀኑን ሙሉ የነካው ሰው የለም። ረዳቱን ስጠይቀው «ይህን ሁሉ ሰው እያስተናገድኩ ጊዜ የለኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጊዜ አልነበረውም፤ የተጠላለፈ ክር ሲፈታ፣ ሥጋ ሲቆርጥ፣ ላስመለሰው ሰው ውኃ ሲያቀርብ ነበር የዋለው። ልጁን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ለዚያ ሥራ ሰው ያልመደበውን ባለቤትና ምንም ያልጠየቅነውን እኛን ተሳፋሪዎቹን ነው። መሣሪያውን አውርደህ ራስህ ተጠቀምበት ቢባል እኮ ለመማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስናገር የሚመልሱልኝ አሉ። «ሻርኩም ይብላ እንጂ፣ ምን ይባክናል?» ይሉኛል። ሻርኩ መብላቱ እውነት ነው። ግን የዓመቱን ኮታ የሚያሰሉት ባለሙያዎች ተጥሎ የሚሞተውንም ዓሣ ገምተው ይቆጥሩታል። እኛ የጣልነው ሬሳ ከሁላችንም ድርሻ ላይ ይቀነሳል ማለት ነው፣ ወቅቱም በዚያው ልክ ያጥራል። ይህ ደግሞ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሆኗል። ይህ ዓሣ ከመጠን በላይ ተጠምዶ፣ ግልገሉም በሽሪምፕ አሳጋሪዎች መረብ እየተጠረገ፣ ቁጥሩ ክፉኛ ወርዶ ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በፌዴራል ውኃ ላይ ለመዝናኛ አጥማጆች የተፈቀደው ወቅት 9 ቀን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ቀን፣ ለዓመት! አሁን የሚታየው መሻሻል በብዙ ድካም የመጣ ነው፣ የማገገሚያ ዕቅዱም እስከ 2032 የተዘረጋ ነው። ስናፐር ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ትልቋና አሮጊቷ ሴት ከወጣቶቹ ጋር የማይወዳደር ብዛት ያለው እንቁላል ትጥላለች። እንዲህ ያለችውን እናት ፎቶ ተነስቶባት ተገልብጣ እንድትንሳፈፍ መተው ያሳዝናል።

ሌላው የሚሉኝ «አንተ ደግሞ ከፈረንጅ የባስክ ፈረንጅ ሆንክ» ነው። ይህ ያናድደኛል። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው የዓሣ ማነስን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገውም። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ሐይቁ ላይ ሲበዛ ቆሮሶው (ቲላፒያው) ከዓመት ዓመት እያነሰ እንደመጣ አባቶቻችን ያወሩ ነበር፣ እኛም ሐዋሳ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የሚቀርበውን ዓሣ መጠን አይተናል። ሀገራችንም በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥታለች። ሐይቅ ላይ ያየነውን ጥፋት ባሕር ስለሆነና ስለሰፋ ብቻ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ጉዞ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ጀልባውን ሙሉ በሙሉ የምትከራዩ፣ አቅም አላችሁ። ሙሉውን ስትከራዩ ካፒቴኑ የሚሰማው እናንተን ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማውረጃ መሣሪያ አላችሁ ወይ፣ ማንስ ነው የሚያወርደው ብላችሁ ጠይቁ። ትንንሽ ብቻ የሚወጣበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ቦታ ይቀየር በሉ። ሁለት ሁለቱ ከሞላ በኋላ ከስናፐሩ ላይ ተነሱና ሌላ ነገር ሞክሩ፤ ኪንግ ማኬሬል ለምሳሌ ከላይኛው ውኃ ላይ ነው የሚያዘው፣ ትግሉም የሚያስደስት ነው፣ ይህ የአየር ችግርም የለበትም። ረዳቱ ዓሣውን በትክክል ካወረደ ቲፑን ከፍ አድርጉለት፣ ለምን እንደሆነም ንገሩት። የሚጣለውን ዓሣ ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታቆዩት።

በዚያው ላይ ሁለት ተራ ነገሮች፣ በየዓመቱ ሰው የሚቸገርባቸው ስለሆኑ። ዕድሜው 17 የሞላ ተሳፋሪ ሁሉ ለባሕር የሚሆን የቴክሳስ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ በራሱ ስም ያስፈልገዋል፣ የጀልባው ፈቃድ አይሸፍናችሁም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ፣ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፣ እዚህ አላነሳውም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ልመና አለኝ። የዓሣ ጉዞ ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር ጀልባው ማውረጃ እንዳለውና እንደሚጠቀምበት በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ ጠይቁልን። አንድ መስመር ብቻ ናት። የእኛ ቡድን ለመጪው ሰኔ ጀልባ ሲያፈላልግ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ማቅረብ ጀምሯል። አንዳንዱ ጀልባ መልስ ሳይሰጥ ዝም ብሎናል። አንዱ ካፒቴን ግን «ለዚህ ብቻ አንድ ተጨማሪ ረዳት እመድባለሁ» አለን፤ ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቀብዱንም ከፍለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሂውስተን