እማዬ፣ ስለ ነገርሽኝ ደም

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

በስልክ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። የወር አበባሽ ከተቋረጠ ስንት ዓመት አልፎት ደም አየሁ ካልሽ በኋላ «የሙቀቱ ነው፣ ያልፋል» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ የሚታይ ደም ከሙቀት አይመጣም። ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ግን የማሕፀን በር ካንሰርም አንዱ ምልክቱ ይኸው ነውና ሳይመረመር አይታለፍም።

ካንሰር ስልሽ ደግሞ «እኔ ከአባትሽ ሌላ ወንድ አላውቅ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው፤ በሽታው ግን የብልግና ቅጣት አይደለም። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ አብዛኛውን ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ለዚህ አንድ ባል ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው አስተላላፊውም ተቀባዩም አያውቁትም። አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረው፣ በተለይ 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ዓይነቶች፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት አድብቶ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መቼና ከማን ማለት ትርፉ ድካም ነው። ነፍሱን ይማረውና አባባን አትጠርጥሪው፤ አንቺም አትሳቀቂ።

እኔም አምና ተመርምሬያለሁ። ነርሷ የማሕፀኔን በር አሴቲክ አሲድ፣ ያው የኮምጣጤው አሲድ፣ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች፤ የሚያጠራጥር ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ቆጠቆጠኝ እንጂ አላመመኝም። ይህ ግን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች ነው። በአንቺ ዕድሜ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ የማሕፀን ሐኪም ሊያይሽ ይገባል፤ ካስፈለገም ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ይልካል። ማስታገሻ ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ። በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው።

የእኅቴ ልጅም የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ትምህርት ቤት ሲመጣ ትከተብ። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ቡና ላይ «መካን ያደርጋል» የሚባለው ሐሰት ነው።

ሰኞ ፀሐዩ ሳይበረታ እኅቴ ከሳቢያን መጥታ በባጃጅ ድል ጮራ ሆስፒታል ትወስድሻለች። ደሙ መቼ እንደጀመረሽ፣ ስንት ጊዜ እንደታየሽ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ሴት ሐኪም ከመረጥሽ ጠይቁ። ገንዘብ ልኬያለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ