ለሥራ ብሎ ከተማ የቀየረ ደመወዝተኛ የዕቃ ማጓጓዣ ወጪው ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ይቀነስለት፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

በጥቅምት ወር ከወልድያ ተነሥቼ ኮምቦልቻ አዲስ ሥራ ስጀምር፣ ዕቃዬን ባዶውን ሊመለስ በነበረ አይሱዙ አስጫንሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በጋቢ የጠቀለልነው ምጣድ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የምጣዱን ነገር ለእኔ ተዉትና፣ ለመኪናው 8,000፣ ለጫኝና አውራጅ 1,200፣ ቤት ላገኘልኝ ደላላ 2,000፣ በድምሩ 11,200 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ቀጣሪዬ የማጓጓዣ እንደማይከፍል አስቀድሞ ስለ ነገረኝ በሥራ ውሌ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም።

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ቀጣሪው ከሌላ ቦታ ለቀጠረው ሠራተኛ ሥራ ሲጀምርና ሲያበቃ የሚከፍለው የጉዞ ወጪ፣ በሥራ ውሉ ውስጥ እስከ ተጠቀሰ ድረስ፣ ከግብር ነጻ ነው። ቀጣሪው ሳይከፍል ቀርቶ ሠራተኛው ራሱ ሲያወጣው ግን፣ ከመቀጠር ከሚገኝ ገቢ ላይ ወጪ መቀነስ ስለማይፈቀድ፣ ያው ወጪ ግብር በተከፈለበት ገንዘብ ይሸፈናል። ከጎኔ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ በሠንጠረዥ «ሐ»፣ ማለትም በንግድ ሥራ ገቢ፣ የሒሳብ መዝገብ ይዞ ግብር የሚከፍል በመሆኑ፣ ሸቀጡን ከደሴ ያመጣበት የመኪና ኪራይ ደረሰኝ ካቀረበ በወጪ ይያዝለታል። የነጋዴው መብት አይነካብኝ፤ የእኛ ግን እንዲታሰብበት እጠይቃለሁ።

ደመወዜ 9,800 ብር ሲሆን፣ በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ7,000 ብር በላይ ያለው 2,800 ብር በ25 በመቶ ይታሰባል። የ11,200 ብሩ ወጪ በአራት ወር ተከፍሎ በየወሩ 2,800 ብር ቢቀነስልኝ፣ መንግሥት የሚያጣው በወር 700፣ በጠቅላላው 2,800 ብር ብቻ ነው። ግብሩን ከደመወዜ ቀንሶ የሚያስቀረው ቀጣሪው ስለሆነ፣ ማስተካከያው በዚያው ፔይሮል ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ለእኔ ብሎ አዲስ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ማዘጋጀት አያስፈልግም።

በዚህ ስም ማጭበርበር ይበዛል የሚል ስጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የርቀት ገደብ ይቀመጥ። ለሥራ ብሎ ቤት የለወጠ ሰው ወጪውን ከገቢው እንዲቀንስ የምትፈቅደው ካናዳ፣ አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይልቅ ለሥራው ቦታ ቢያንስ 40 ኪሎ ሜትር እንዲቀርብ ትጠይቃለች። እንዲህ ያለ ገደብ ቢወጣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሰው አይጠቀምም፤ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ሊመላለስ ስለሚችል ቅር ሊለው አይገባም። ከወልድያ ወይም ከመካነ ሰላም የሚመጣው ግን የግድ ቤቱን ነቅሎ መምጣት አለበት።

የሚከብደው የደረሰኙ ነገር ነው። የእኔ ሾፌር ሒሳቡን የጻፈልኝ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነበር፤ ጫኝና አውራጁም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይቅረብ ከተባለ ጉዳዩ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለማጓጓዣ በርቀት የሚሰላ የተወሰነ መጠን በመመሪያ ቢቀመጥ፣ የሥራ ውሉና የቀበሌ መሸኛ ለማስረጃ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። የደላላው ክፍያ ይቅር ከተባለም እስማማለሁ።

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ቀጣሪው የከፈለው የጉዞ ወጪ ከግብር ነጻ መሆኑን ብዙ ድርጅቶች ስለማያውቁ፣ ሚኒስቴሩ ለቀጣሪዎች በደብዳቤ እንዲያሳውቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ደመወዝተኛ
ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ