መልስሽን በሰው አትላኪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ ሳሉ ተሻለው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው በርበሬና ሽሮም ይዟል። በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ አምና ነቀዘብኝ ብለሽ ነበር።

የጻፍኩልሽ ግን ለበርበሬ አይደለም። በስልክ ብነግርሽ እጮኽብሻለሁ፣ አንቺም ትዘጊብኛለሽ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአክስትሽ ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወንድምሽ ስለ አባታችሁ ቤት በእሷ በኩል ጠይቆሽ፣ አንቺም በእሷው በኩል መለስሽለት አሉ። «እኔ ወንድም የለኝም በይው» ብለሻል። እውነት ነው? ነገሩን ስታወራኝ ደግሞ ፊቷ ላይ ሐዘን አላየሁም። ልጄ፣ መልስሽን በሰው አትላኪ።

«ወገን የለኝም» የሚለውን ቃል ከአንድ የጥንት ንጉሥ፣ ከፍራንኮቹ ክሎቪስ፣ ሰምቼዋለሁ። ታውቂዋለሽ። አምና ፈረንሳይ እናንተ ጋ ስመጣ፣ ከድልድዩ ማዶ በ10 ቁጥር ሜትሮ ተሳፍረን ፓሪስ ውስጥ ካርዲናል ለሟን ጣቢያ የወረድነው በእሱ ምክንያት ነው። ያንን ዳገት ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ። «ሩ ክሎቪስ»፣ የክሎቪስ መንገድ፣ የሚለው ሰማያዊ ታፔላ ስር ቆሜ ፎቶ አንሺኝ አልኩሽ። «እማ፣ ለአንድ ታፔላ ነው ይሄ ሁሉ?» አልሽኝ። 31 ዓመት ስሙን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ለኖርኩት ለኔ፣ አዎ፣ ለታፔላ ነው። የተቀበረውም እዚያው ኮረብታ ላይ ነበር። አሁን መቃብሩ የለም፣ ተማሪዎች ቦርሳ አንግተው ይወጡበታል።

ክፍል ውስጥ የማስተምረው የሚያምረውን ብቻ ነበር። አባቱ ሺልደሪክ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ481 ሲሞት ክሎቪስ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነው። የወረሰው ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው በቱርኔ ዙሪያ ያለች ጠባብ ግዛት ናት። በ486 ሷሶን ላይ ሮማዊውን ገዥ ሲያግሪዩስን አሸነፈ። በ507 ቩዬ ላይ ቪዚጎት የሚባለውን ሕዝብ ንጉሥ ዳግማዊ አላሪክን ገድሎ ወደ ደቡብ ሰፋ። ፓሪስን መቀመጫው አደረገ። የሚስቱ የክሎቲልድ ውትወታም ፍሬ አፍርቶ ራንስ ላይ በጳጳሱ በሬሚ እጅ ተጠመቀ። ፈረንሳዮች ታሪካቸውን ከእሱ መጀመር ይወዳሉ። ሉዊ የሚሉት ስም እንኳ ከክሎቪስ የመጣ ነው። የልጅሽ ጓደኛ፣ ያ ጥርሱ የወለቀው፣ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ሳላስተምር ያለፍኩት ሌላ ነው። ኮሎኝ ላይ ሲጌቤር የሚባል ዘመዱ ይነግሥ ነበር። እንደኔው ጉልበቱን ታማሚ፣ በጦርነት ቆስሎ አንካሳ የሆነ ሽማግሌ። ክሎቪስ ለሽማግሌው ልጅ መልእክት ሰደደ፤ አባትህ አርጅቷል፣ እግሩም ከድቶታል፣ ቢሞት ዙፋኑ ያንተ ነው አለው። ልጁ አባቱን አስገደለ። ከዚያ የክሎቪስ መልእክተኞች መጥተው የአባትህን ሀብት አሳየን አሉት። ሣጥኑን ከፍቶ ወርቁን ሊዝቅ ሲያጎነብስ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ አሉት። የካምብሬውን ንጉሥ ራግናካርን ደግሞ በገዛ እጁ ነው የገደለው። ሁሉም ሥጋ ዘመዶቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ የጻፈልን የቱሩ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ነው። ክሎቪስ ዘመዱን ከጨረሰ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ወዮልኝ፣ በባዕድ መካከል እንግዳ ሆኜ ቀረሁ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚደርስልኝ ወገን የለኝም ብሎ አለቀሰ ይላል። ጳጳሱ ግን አልተታለለም። የተረፈ ዘመድ ካለ ብቅ እንዲልና እንዲገድለው ነው ይላል።

አንቺ ክሎቪስ ነሽ አላልኩም። አትቆጪ። ግን ወንድም የለኝም የሚል ቃል ከአፍሽ ወጥቶ በሰው አፍ ሲዞር ያስፈራኛል። ድርሻሽን ተዪም አላልኩሽም። በክሎቪስ ዘመን የተጻፈው የፍራንኮች ሕግ፣ የሳሊ ሕግ የሚሉት፣ ሴት ልጅ የሳሊን መሬት አትወርስም ይላል። አንቺን እንደዚያ ያለሽ የለም። ካርታው ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ የሁለታችሁም ነው። ብቻ መልስሽን በሰው አትላኪ።

ክሎቪስ በ511 ሲሞት አራት ወንዶች ልጆቹ አገሩን እንደ ቤት ዕቃ ተካፈሉት። ከአራቱ አንዱ ክሎዶሚር በ524 ጦር ሜዳ ቀረ። ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹን አያታቸው ክሎቲልድ ታሳድግ ጀመር። አጎቶቻቸው ሺልድበርና ክሎቴር፣ የገዛ ልጆቿ ማለት ነው፣ ልናነግሣቸው ነውና ላኪልን አሏት። አብልታ አጠጥታ በደስታ ላከቻቸው።

ቀጥሎ እነሱ የላኩት አርካዲዩስ የሚባል ሰው በአንድ እጁ መቀስ፣ በሌላው የተመዘዘ ሰይፍ ይዞ ከፊቷ ቆመ። ለእነሱ ረጅም ፀጉር የንግሥና ምልክት ነው። ፀጉራቸው ተቆርጦ ይኑሩ ወይስ ይሙቱ? ምረጪ አላት። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ነደደች። ካልነገሡማ ተላጭተው ከማያቸው ሞተው ልያቸው አለች። ምን እንደምትናገር አላወቀችም። ሰውየው ትረጋጋ እንደሆነ አልጠበቀም፣ ቃሏን ይዞ በረረ። ክሎቴር ትልቁን ልጅ፣ የ10 ዓመቱን፣ መሬት ላይ ጥሎ ብብቱ ስር በጩቤ ወጋው። የ7 ዓመቱ የሺልድበርን ጉልበት ይዞ ጮኸ። ሺልድበር አለቀሰ፣ ይቅር እንበለው አለ፣ ክሎቴር ሲያምባርቅበት ግን ልጁን ገፍቶ ሰጠው።

ሦስተኛውን፣ ክሎዶአልድን፣ ሰዎች አሸሹት። አድጎ በገዛ እጁ ፀጉሩን ቆርጦ ቄስ ሆነ። ፈረንሳዮች ሳን ክሉ፣ ቅዱስ ክሉ፣ የሚሉት እሱን ነው። ሥራ ስትሄጂ በየቀኑ የምታቋርጪው ድልድይ ስሙ የእሱ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ የሚታየኝ የወንድሜ የጋሼ ነገር ነው። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን እንጂ ያልኩትን አልሰማሽም። ስለ አባቴ ቤት ከደሴ ልኳቸው ነው። ቡና እየቆላሁ ነበር። ቁጭ እንኳ አላልኩም። «የኔ ወንድም ከአባቴ ጋር ተቀብሯል በሉት» አልኩ። ቡናው አረረብኝና ምጣዱን ላወርድ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ስመለስ ሰዎቹ የሉም። በሩ ክፍት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ልጥራቸው ብዬ አሰብኩ። ጎረቤት ያየኛል ብዬ አፈርኩና ተመለስኩ። ያረረውን ቡና አፈስኩት፣ ሌላ ቆላሁ።

ዘጠኝ ዓመት። ከዚያ ጋሼ ታሞ ሞተ፣ ደሴ የደረስኩት ለቀብር ነው። ሚስቱ ሳመችኝ፣ አልነፈገችኝም። ድንኳኑ ውስጥ ግን ከእንግዶቹ መሃል አስቀመጡኝ፣ እንደማንኛውም ለቀስተኛ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር። ሲነቃነቅ ዋለ።

አንቺን የምቆጣሽ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

አሁን ስሚኝ። ወንድምሽ ማታ ቤት ነው። በእናንተ አገር የብርድ ወራት ሰዓታችሁ ከእኛ በሁለት ሰዓት ይዘገያል፣ ስለዚህ ከሥራ እንደወጣሽ ደውዪ፣ ከተኛ አይሰማም። አክስትሽም ልጇም አይግቡበት። ከተጣላችሁም በገዛ ድምፃችሁ ተጣሉ። ውክልናውን ሳትነጋገሩ ለማንም እንዳትፈርሚ። ካርታውንም ሁለታችሁ ባንድ ላይ ካልደወላችሁልኝ አላወጣውም፣ ቁልፉ መቀነቴ ላይ ነው። ለልጁ ማር በሎሚ ስጪው፣ ደረቱን ሸፍኚለት፣ እዚያ ባቡር ጣቢያ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው።

እማም ይሄው በሰው ላከች ትዪኛለሽ። የኔ የታሸገ ነው፣ የሚያመጣውም ሰው አማርኛ ማንበብ አይችልም።

ያቺን የታፔላውን ፎቶ ደግሞ አሳጥበሽ ስጪው፣ ሲመለስ ያምጣልኝ። ፎቶ በሰው ቢላክ ምንም አይደለም።

እናትሽ