ሁሉም ተገብሮ በ«ባይ» አያልቅም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በፈተና ሰሞን ለተማሪዎች የምታወጡትን የእንግሊዝኛ መለማመጃ አነባለሁ። ጡረታ ብወጣም ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አልጠፋም። የሰሞኑ ግን አናደደኝ። ጥያቄው ከላይ እስከ ታች «ወደ ፓሲቭ (ወደ ተገብሮ) ለውጡ» ነው፤ መልሱም ከላይ እስከ ታች በ«ባይ» ያልቃል። አበበ ብርጭቆ ሰበረ፤ ብርጭቆው በአበበ ተሰበረ። አበበ እኔ ተማሪ ሳለሁም ብርጭቆ ይሰብር ነበር። እስካሁን የሚያስቆመው አልተገኘም።

ይሄ ምን ያናድዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ውጤቱን በየቀኑ ስለማየው ነው። ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ እዚህ ጅማ፣ መነኸሪያው አካባቢ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሲቪው፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የኤምባሲው ደብዳቤ፣ ለቡና ናሙና የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ሰፈሩ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

ከሲቪው ልጀምር። «አይ ወዝ ግራጁዌትድ ባይ አካውንቲንግ» የሚል ያልያዘ ሲቪ ከመጣልኝ ብርቅ ነው። ልጁ ያሰበው በአማርኛ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመረቅሁ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ሲነበብ ግን አካውንቲንግ የሚባል ሰውዬ ጋዋን አልብሶ ያስመረቀው ይመስላል። የሚባለው «ኢን አካውንቲንግ» ነው። ብዙ መምህራን «ባይ»ን ትተው «ወዝ»ን በቀይ ይሰርዛሉ። የሚገርመው በድሮው እንግሊዝኛ «ወዝ ግራጁዌትድ» ነበር ትክክለኛው፤ የሚያስመርቀው ትምህርት ቤቱ ነዋ። ዛሬ ባይጻፍ ይሻላል፤ ቢጻፍም ግን ሰው አያሳስትም። የሚያሳስተው «ባይ» ነው።

አንዲት ልጅ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ባሏ ጋ ለመሄድ ደብዳቤ ልታስተይብ መጣች። «ሜሪድ ባይ» ይልና የባሏ ስም ይከተላል። «ሜሪድ ባይ» ሲባል ያጋባቸው ሰው ነው የሚጠራው፤ ቃዲው፣ ቄሱ ወይም የክብር መዝገብ ሹሙ።

«አይ ቲቸር፣ ይገባቸዋል እኮ» አለችኝ።

ሊገባቸው ይችላል። ግን በቪዛ ጉዳይ «ይገባቸዋል» ብሎ መተማመን እኔ አይሆንልኝም። «ሜሪድ ቱ» አድርጌ ሰጠኋት።

ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። አማርኛችን «በ»ን ለሁሉም ይልካታል። በሌባ ተሰረቀ፣ በቢላ ተቆረጠ፣ በጅማ ተወለደ፣ በ1990 ተቀጠረ፣ በቡናዋ ታወቀች። አፋን ኦሮሞም በዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቤቱ «ቡናን ቤከምቲ» (በቡና ትታወቃለች) ሲባል የሚሰማ ልጅ መጨረሻ ላይ በምትቀጠለው በአንዲት ድምፅ መሣሪያውንም ምክንያቱንም ይገልጻል። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። ለአድራጊው «ባይ»፣ ለመሣሪያው «ዊዝ»፣ ለከተማውና ለዓመቱ «ኢን»። ስለዚህ ልጁ ክፍል ውስጥ «ባይ»ን ብቻ ሰምቶ ከወጣ፣ «በ» ባለችበት ሁሉ «ባይ»ን ቢተክል አይፈረድበትም።

የከተማችንን ስም ራሱ ተመልከቱ። «ጅማ ኢዝ ኖውን ባይ ኮፊ» የሚል ስንት በራሪ ወረቀት ኮፒ አድርጌያለሁ መሰላችሁ። የታወቀችበትን ምክንያት ለመናገር «ኖውን ፎር» ነው። ስያሜ ከሆነ «ኖውን አዝ» ነው፤ የጅሬኑ ቤተ መንግሥት ባለቤት «ኖውን አዝ አባ ጅፋር» እንደምንለው። የሚያውቁት ሰዎች ከተጠሩ «ኖውን ቱ»። «ኖውን ባይ»ም አለ፤ አንድ ነገር በስሙ ወይም በምልክቱ ይታወቃል ለማለት። እናም ያ በራሪ ወረቀት ሰዋስው አፍርሷል ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ሌላ ነገር ነው የተናገረው።

«ሜድ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ እኔ በበኩሌ በጣም የምወደው ግስ ነው። የጅማ በርጩማ «ሜድ ኦፍ» እንጨት ነው፤ እንጨቱ እንጨት እንደሆነ ይታያልና። ጠጅ ግን «ሜድ ፍሮም» ማር ነው፤ ማሩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል። ከማሩ ከተነሳን ማሩ «ሜድ ኢንቱ» ጠጅ ነው። ጌሾውን ለመጥቀስ «ሜድ ዊዝ»። አናጢው ሲመጣ ያኔ «ባይ» ይመጣል፤ ከተማው ሲመጣ «ኢን ጅማ»። ይህን አንድ ክፍለ ጊዜ በርጩማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስተማር ይቻላል። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ልጆቹ ተሻምተው ነው የመለሱት።

በጣም ግራ የሚያጋባቸው ሁለት መስተዋድድ (እንደ «ባይ» ያለ ቃል) ተከታትሎ ሲመጣ ነው። «ሂ ወዝ ሉክድ አፍተር ባይ ሂዝ ግራንድማዘር»፤ አያቱ ነች ያሳደገችው። ተማሪው «አፍተር ባይ» ተደርድሮ ሲያይ ስህተት ይመስለውና አንዱን ይቆርጣል። የሚቆርጠው ደግሞ ሁልጊዜ «አፍተር»ን ነው፤ «ባይ» ቅዱስ ነውና። እንክብካቤዋ ግን ያለው «አፍተር» ላይ ነው። «አፍተር» የግሱ አካል ነች፤ ዓረፍተ ነገሩ ቢገለበጥም ግሱን ተከትላ ትሄዳለች። «ላፍድ አት»ም እንዲሁ ነው፤ የተሳቀበት ሰው «አት»ን ካጣ ቀልዱም ይጠፋል።

አንድ የቡና አቅራቢ ከአጋሮ መጥተው ለናሙና የሚሆን ጽሑፍ አስተየቡኝ። ይዘውት የመጡት ወረቀት «ድራይድ ባይ ሬይዝድ ቤድ» ይላል፤ ቡና የሚሰጣበትን ከፍ ያለ አልጋ ማለቱ ነው።

«ጋሼ፣ አልጋው ነው እንዴ ቡናውን ያደረቀው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ፀሐይቱ ናት እንጂ፤ አልጋው ምን አቅም አለው» አሉኝ።

«ኦን ሬይዝድ ቤድስ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸው እንግሊዝኛ አልተማሩም፤ ያንን የጻፈላቸው ልጅ ነው የተማረው።

ከዚያው ወረቀት ሌላም ነገር ይታያል። ቡናው ተለቀመ፣ ታጠበ፣ ደረቀ ይላል፤ ማን እንደለቀመው አይልም፤ ገዢውም አይጠይቅም። እንግሊዝኛ ተገብሮን በብዛት የሚጠቀመው እንዲህ ነው። የሰዋስው ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከ5 የተገብሮ ዓረፍተ ነገር 4ቱ ያህል አድራጊውን ጭራሽ አይጠሩም። እኛ ደግሞ ልጆቹን የምናሠራው አምስተኛውን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። «ወደ ፓሲቭ ለውጡ» የሚለውን ለጊዜው አሳርፉት። ግሱን ከነመስተዋድዱ አውጡ። ለመጀመሪያው ሳምንት «ኖውን»፣ «ሜድ» እና «ዩዝድ» ይበቃሉ። ስለ ጅማ ወይም ስለ ሌላ ከተማ የሚያወራ አጭር ጽሑፍ ስጡና ባዶ ቦታ አስሞሉ። በቀጣዩ ሳምንት «ባይ» የበዛበት ጽሑፍ አውጡና የማያስፈልገውን ያስወጡ፤ ይህኛው እንዲያውም ለሲቪ ይጠቅማቸዋል። ጥያቄውን የሚያዘጋጅ ከጠፋ እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም። ቦታ ጠበበን የምትሉ ከሆነም ከኮከብ ቆጠራው ዓምድ ላይ ቀንሱለት።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህርት
ጅማ